የአባቴ ኑዛዜና የእናቴ ካርድ

የእኛን የምርጫ ክልል ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የአሸናፊዎቹን ዝርዝር ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። በየትኛው ዘመን ማን ፓርላማ ገባ፣ ማንስ ተካው፤ ይህ ሁሉ የሆነ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እኔም መምህር ነኝና ምርጫ በመጣ ቁጥር አስፈጻሚ እየሆንኩ የዚያን መዝገብ ጥቂት ገጾች በእጄ ሞልቻለሁ። መዝገቡ ላይ የሌለ አንድ ነገር ግን አለ። እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ የራሷን ሰው ልትመርጥ አስባ ነበር፤ አልሆነላትም። ያልሆነላትም በእኔ ምክንያት ነው። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

መንደራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጡ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ገባ ይላል። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በሐምሌ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። አባቴ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ እዚያው ያረጀ ገበሬ ነበር። በንጉሡ ዘመን፣ እሱ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ የታወቀ ባለርስት ለፓርላማ ተወዳድሮ ነበር። "በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ 'እንደምን አላችሁ' አለን፤ መረጥነው፤ ከዚያ ወዲያ ያየሁት ቀብሩ ላይ ነው" ይል ነበር አባቴ። በደርግ ጊዜ የሸንጎ ምርጫ ሲመጣ ሦስት ዕጩ አቀረቡላቸው። ሦስቱም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። አባቴ ይህን "ከአንድ በግ ሦስት ብልት" እያለ ያወራው ነበር፤ ያኔ ሳይሆን ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው ታዲያ። በዚያ የሸንጎ ሰልፍ ከፊቱ ቆሞ የነበረው ቀጥቃጭ ጎረቤታችን ቤተ እስራኤል ነው። በሚቀጥለው ምርጫ አልነበረም፤ ቤተሰቡን ይዞ እስራኤል ገብቷል። "ከሁላችን የመረጠስ እሱ ነው" አለ አባቴ።

መንግሥት ተለውጦ ዕጩዎች በየምልክታቸው መቅረብ ሲጀምሩ እናቴም ካርድ ያዘች። በእኛ ቤት ግን ካርዱ ሁለት ሆነ እንጂ ድምፁ አንድ ነበር። በምርጫው ዋዜማ አባቴ ራት ላይ የሚመረጠውን ምልክት ይናገራል፤ እናቴ ወጡን እያወጣች ትሰማለች፤ በማግስቱ ሄዳ እዚያው ምልክት ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። አባቴ ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። የትኛው ማሳ ገብስ፣ የትኛው ባቄላ እንደሚዘራ የሚወስነው እሱ ነው፤ ይህንንም ከዚያው ቆጠረው። እሷም ከዚያው ቆጠረችው። ተማርኩ የምለው እኔም ጎንደር ድረስ ሄጄ የሥነ ዜጋ መምህርነት ተምሬ መጥቼ፣ እናቴን አንድ ቀን እንኳ "አንቺስ ማንን ትፈልጊያለሽ?" ብዬ አልጠየቅኳትም። ለተማሪዎቼ ግን ስለ እኩልነት በሰሌዳ ሙሉ እጽፍ ነበር።

የዘጠና ሰባቱን ምርጫ አልረሳም። ሰው ገና ሳይነጋ ወጥቶ ሰልፉ የትምህርት ቤቱን አጥር አልፎ ወደ ወንዙ መውረጃ ደርሷል። ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌዎች ቁመው፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ቁመው፣ አንድም ሰው "ደከመኝ" ብሎ አልተመለሰም። አባቴና እናቴም ሲቆሙ ውለው ምልክታቸውን መርጠው መጡ፤ ምልክቱን የመረጠው ያው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በመጡት ሁለት ምርጫዎች ሰልፉ አጭር ነበር። ሰው ይመጣል፣ ወረቀቱን ይከታል፣ ከማንም ጋር ሳያወራ ወደ እርሻው ይመለሳል። እኔም ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወረርሽኙ ያዘገየው የሰኔው ምርጫ መጣ። እኔ በመንደራችን ትምህርት ቤት የተከፈተው ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆንኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ዛፉ ሥር ሰብስቤ ትምህርት ሰጠሁ። መናገር እወዳለሁ፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቁታል። "ድምፃችሁ የገዛ ሀብታችሁ ነው" አልኳቸው። "እንደ በሬያችሁ፣ እንደ ማሳችሁ ቁጠሩት። ከእናንተ በቀር ማንም አያዝበትም።" አባቴ ከፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገጩን በበትሩ ላይ አስደግፎ ያዳምጥ ነበር። ራሱን ሲነቀንቅ አይቼ ኮራሁ።

እናቴ ለመመዝገብ የመጣችው ሌላው ሰው ሁሉ ሄዶ ካለቀ በኋላ ነው። ካርዷን ተቀብላ ወዲያው አልሄደችም።

"ልጄ፣ እዚያ መጋረጃው ውስጥ ስገባ ማንም አያየኝም አይደል?"

"ማንም አያይሽም እምዬ።"

"አባትህም?"

"እሱም።"

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "እንግዲያ የእኔ ለዚያች ለሰፌዷ ነው" አለችኝ።

ሰፌድ የአንዲት በግሏ የምትወዳደር ሴት ምልክት ነበር። ቀድሞ ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ሠርታለች። እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ዳባት ያደረሳት ጊዜ፣ ያቺ ነርስ ሁለት ቀን ሙሉ ከአጠገቧ አልተለየችም። እናቴ ግን የምታወራው ስለ ምጡ አልነበረም። "ስሜን ጠየቀችኝ" ነበር የምትለው። "በስሜ ጠራችኝ። እዚህ አገር የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት ነኝ እንጂ ስሜን የሚያውቀው ማን ነው?"

"እምዬ፣ እኔ የጣቢያው ኃላፊ ነኝ፤ ይህን መስማት የለብኝም" አልኳት።

"እንግዲያ አልሰማህም" ብላኝ ወጣች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት ያየኋት ጊዜ ጥቂት ነው።

አባቴ ደግሞ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥቶ ነበር። ቃሉን ለምን እንደሰጠ ላስረዳ። አጎቴ በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ ዘመዶቻችን ከሟቹ ወገን ጋር ለዓመታት ተፈላልገው ነበር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በሁለቱ መካከል ሲመላለሱ ከርመው ደሙን አደረቁት። ሽማግሌው ለድካማቸው ምንም ሳይቀበሉ አረፉ። በዚህ ምርጫ የእሳቸው ልጅ ዕጩ ሆኖ እቤታችን ሲመጣ፣ አባቴ ከመደቡ ተነሥቶ ቆመና "ድምፄ ያንተ ነው" አለው። አባቴ ቃል ሰጥቶ ያፈረሰበትን ጊዜ እኔ አላውቅም።

ምርጫው ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው አባቴ ታመመ። ጎንደር እንውሰድህ ብንለው "ከቤቴ አታንሡኝ" አለ። የነፍስ አባቱ መምሬና የመንደሩ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ በአገራችን ወግ ሊናዘዝ ነው። ፊደል የቆጠርኩ ልጁ እኔ ስለሆንኩ ደብተር ይዤ ከራስጌው ተቀመጥኩ። ጥቁሩ በሬ ለታናሽ ወንድሜ፣ የታችኛው ማሳ ለእናቴ፣ አንዲት ላም ለተዝካሩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ እጁን ከትራሱ ሥር ሰድዶ የምርጫ ካርዱን አወጣ።

"ይህ ለሚስቴ ነው" አለ። "ድምፄን ለዚያ ሰው ታድርስልኝ። ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን ይዤ መቃብር አልወርድም።"

ብዕሬ ቆመ።

"ጻፍ እንጂ" አለኝ አባቴ። ድምፁ ደክሟል፤ ዓይኑ ግን ያው የድሮው ነው። "ራስህ አይደለህ እንደ በሬያችሁ ቁጠሩት ያልከን?"

ሕጉን አውቀዋለሁ። የሟች ካርድ አይወረስም፤ ድምፅም እንደ ጥቁሩ በሬ ተጎትቶ ለሌላ አይሰጥም። ይህን በዚያች ሰዓት፣ በነፍስ አባቱና በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ለሚሞት አባት ማስረዳት ነበረብኝ ይሆን? ዛሬ፣ አዎ፣ ነበረብህ እላለሁ። ያኔ ግን ጻፍኩት። በኋላ ለእናቴ አስረዳታለሁ ብዬ ጻፍኩት። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን አሳረፉ። መምሬ ኑዛዜውን እንዳነብ አዘዙኝና ሲያልቅ እንደ ወጉ "ይህን ያፈረሰ በቃለ እግዚአብሔር የተገዘተ ይሁን" አሉ። እናቴ ከግርግዳው ሥር ተንበርክካ "አሜን" ስትል ሰማኋት። ካርዱን በሁለት እጇ ተቀበለች።

አባቴ ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፈ። ቀበርነው፤ ለቅሶ ተቀመጥን። እኔ ዛሬ እነግራታለሁ ስል አስተዛዛኝ ይመጣል፣ ነገ ስል ለስብሰባ ደባርቅ እጠራለሁ፣ ከነገ ወዲያ ስል ኮሮጆው ደርሶ ተረከቡ ይባላል። ሰበብ ለፈለገ ሰው ሰበብ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር፣ በሐዘን የተቀመጠች ሴት ለምርጫ ትወጣለች ብዬም አላሰብኩም። በአገራችን ባሏ የሞተባት ሴት አርባው ሳይወጣ ደጅ አትታይም፤ ይህ ራሱ ከማስረዳት ያድነኛል ብዬ ነበር።

የምርጫው ቀን ካፊያ ነበር። ዘጠና ሰባትን ባይደርስም ሰልፉ ረጅም ነው። ረፋዱ ላይ ከሰልፉ ጫፍ ጉርምርምታ ሰምቼ ቀና ስል እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን ታጥቃ ቆማለች። ሰዉ "እርስዎ ይለፉ" ቢላት እንቢ ብላ ተራዋን ጠብቃ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካርድ አስቀመጠች።

"ይኼ የእኔ ነው፤ ይኼ የአባትህ" አለች።

መዝጋቢዋ አየችኝ። ታዛቢዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

"እምዬ፣ የአባባን መቀበል አልችልም።"

"አንተው ጽፈኸው የለም እንዴ?"

"ጽፌዋለሁ። ሕጉ ግን አይፈቅድም። የሞተ ሰው አይመርጥም።"

"እኔ አለሁ አይደል ልጄ? በእኔ እጅ እኮ ነው የላከው።"

"እምዬ፣ አይሆንም።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ተገዝቶበታል እኮ። ግዝቱን ማን ሊሸከመው ነው?"

ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። ታዛቢዎቹ "ለእናቱ አዳላ" እንዳይሉኝ ፈራሁ፤ ሽማግሌዎቹ "የአባቱን ኑዛዜ ረገጠ" እንዳይሉኝም ፈራሁ። ሰው በሁለት ፍርሃት መካከል ሲገባ የሚናገረውን አያውቅም። አርፍዶ የመጣን ተማሪ በምገሥጽበት ድምፅ "አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው" አልኩና ከእሷ አልፌ ወደ ኋላ አይቼ "ቀጣይ!" አልኩ።

እናቴን ነው "ቀጣይ" ብዬ ያሳለፍኳት። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ያፍራል።

ሁለቱንም ካርዶች ሰብስባ ወጣች። በመስኮቱ አየኋት፤ ካፊያው እየወረደባት አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ብዙ ሰው ከፊቴ አለፈ፤ አሁንም ተቀምጣለች። አንዲት ጎረቤት ሄዳ አነጋገረቻት፤ እናቴ በእንቢታ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቀትር ላይ ተነሥታ ከሰልፉ ጭራ ቆመች። እንደገና ተራዋ ሲደርስ ያቀረበችው የራሷን ካርድ ብቻ ነበር። ጣቷን ቀለም ነከሯት፣ ወረቀቷን ተቀበለች፣ መጋረጃው ውስጥ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ወረቀቱን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በደረቷ ይዛ መጥታ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችውና እኔን ሳታየኝ ሄደች።

እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ገባት፣ ሕጉን ተረዳችው፣ ሰፌዷን መርጣ ሄደች ብዬ አሰብኩ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው ትምህርቴ እቤቴ ገባ ብዬ ኮራሁ። ቆጠራው አልቆ ውጤቱን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለጥፍ በሰፌዷ ትይዩ የተጻፈውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አየሁት። ትንሽ ቁጥር ነበር። ከእነዚህ አንዷ እናቴ ናት እያልኩ ፈገግ አልኩ።

የአባቴ አርባ ሲወጣ ሐምሌ ነበር። ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅን መሙላት የጀመረበት ሰሞን ነው፤ ተዝካሩ ላይ የሚወራው ሁሉ ጦርነት ጦርነት ነበር። ምርጫውን የሚያነሣ አልነበረም፤ ማን አሸነፈ የሚለው ነገር የሌላ ዓመት ወሬ መስሏል። ጸሎቱ ደርሶ፣ ድግሱ ተበልቶ ሰዉ መበተን ሲጀምር መምሬ አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቀሱኝ።

"መምህር፣ ያን ቀን እናትህን ለምን ወደ እኔ አልላክሃትም?" አሉኝ።

"ለምን ጉዳይ መምሬ?"

"በምርጫው ማግስት መጥታ እግሬ ሥር ወደቀች። 'አባ፣ የእሱን አልቀበል ስላሉኝ የእኔን በእሱ ፈንታ ሰጠሁለት። ይቆጠርለታል ወይ?' አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ያኔ ነው የሰማሁት።"

"ምን አሏት?"

"ምን ልበላት ልጄ? ሰጥታዋለች። 'ይቆጠርለታል፣ አይዞሽ' አልኳት።" መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞር አሉ። "ሟች የእሱ ያልሆነውን ቢናዘዝ አይጸናም። ያን ዕለት በገዘትኩ ጊዜ ይህ ካርድ ምን እንደሆነ እኔ ሽማግሌው አላወቅኩም፤ አንተ ታውቅ ነበር። ሳትመርጥ ብትልካት 'እግዚአብሔር ይፍታሽ' ብዬ እፈታት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው እንዴ?"

ሩቅ አይደለም። አጥሩ ሥር ከተቀመጠችበት ድንጋይ ጉልላቱ ይታያል። እኔ የምርጫውን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ሳነበንብ፣ እሷን ያሰራት ሌላ ሕግ እንደሆነና ያም ሕግ ፈቺ እንዳለው አላስታወስኩም። ከካህናት ደጅ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ "መምሬ ዘንድ ሂጂ እምዬ፣ ይፍቱሽና ተመለሺ" ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። በዚያች ትንፋሽ ፈንታ "ቀጣይ" አልኩ።

እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቴ ሳፋውንና ብርጭቆውን ስትሰበስብ አገኘኋት። መምሬ ያሉኝን ልነግራት ይሁን፣ ይቅርታ ልጠይቃት ይሁን ሳላውቅ አጠገቧ ቆምኩ። መፈታት ትችል እንደነበር ብነግራት ማንን እጠቅማለሁ? እሷ ቀደመችኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነበር" አለች። "አርባው ሳይወጣ የራሴን ነገር ማንሣት ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።"

"ጠይቂኝ እምዬ።"

"በሩ ላይ የለጠፍከውን ወረቀት ቆሜ አየሁት፤ ማንበብ አልችል። ለዚያች ለሰፌዷ ከእኛ ሰፈር ስንት ሰው ሰጣት?"

"ዘጠኝ" አልኳት።

"ዘጠኝ" አለች፤ በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ ሳፋው ውስጥ አኖረችው። "ከእኔ ጋር ዐሥር እንሆን ነበር።"